የአርባ ዓመቱ መስመር

ጥቅምት 12

እትዬ፣

ደብዳቤ ስጽፍ ሰላምታ እንደማበዛ ሁልጊዜ ይስቁብኛል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፦ እርስዎም፣ ጋሼም፣ ጎረቤቱም፣ የስፌት መኪናዎም ሳይቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም።

ባለፈው በስልክ፣ "ሬዲዮው የክልላችን ሰው ገቢ አደገ እያለ፣ ቁጥሩን የምትሠራው አንተ ምነው ድምፅህ ሞተ?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጋሼ አጠገብዎ እንደተቀመጡ ከሳላቸው ስላወቅኩ "ምንም" ብዬ ዘጋሁት። መልሱን በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልኬልዎታለሁ። ቤት እንዳይመጣ፣ መናኸሪያው በረንዳ ላይ ስፌት መኪናዎ ጋ እንዲያደርስልዎት ነግሬዋለሁ።

ሥራዬ ይኸውልዎት። የክልሉ ሰው በዓመት ያገኘውን ሁሉ እንደምራለን፤ ደመወዙን፣ ጡረታውን፣ የሱቁን ትርፍ፣ ልጅ የሚልክለትን ሳይቀር። ከዚያ ትናንት የተወለደውንም ሕፃን ቆጥረን ለሁሉም እኩል እናካፍለዋለን። የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚባለው ይኸው ነው። በእጁ የያዘው ሰው የለም፣ በስሙ ያልተጻፈለት ሰውም የለም።

ዘንድሮ አለቃዬ የአርባ ዓመቱን በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር አውጣው አለኝ። አወጣሁት። መጀመሪያ መሬት መሬቱን ይሄዳል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ሲከፈት ሽቅብ ይወጣል። እኔ መንገድ ዳር ተቀምጬ የሲሚንቶ መኪና ስቆጥር፣ እርስዎ "ቆጣሪው፣ ና ብላ!" እያሉ የሚጠሩኝ ያኔ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ መስመሩ ይወርዳል። ባንዴ አይደለም፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ዘንድሮ፣ ድንገት ቀና ይላል። ሬዲዮው የሚያወራላት ይቺን ነው። አለቃዬም ለሚኒስትሩ ንግግር ጽፎባታል።

እትዬ፣ እኔ አላመንኳትም። እኛ ሁሉንም ቤት አንጠይቅም። ጥቂት ሰፈሮች እንመርጣለን፣ እነሱ ላልተጠየቀው ሁሉ ይናገራሉ። የሰዎቹን ስም ማየት አልችልም፣ ሰፈሩን ግን አያለሁ። ገቢው የዘለለው ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። የእናንተ ሰፈር! ሥራ የጠፋበት መንደር እንዴት ባንድ ዓመት ከበረ?

ሐሳብ የሆነብኝ ይህ ብቻ አይደለም። ክልሉ ከአገሩ አማካይ በጣም ዝቅ በማለቱ ልዩ ድጎማ ያገኛል። የጤና ጣቢያችሁ ኦክስጅን የሚገዛው ከዚያ ነው። መስመሩ እንደዚህ ቀና እንዳለ ከጸደቀ ድጎማው ከአዲሱ በጀት ጀምሮ ይቆማል። እና በሞቴ ይንገሩኝ፣ በክረምት የመጣችው መዝጋቢ ልጅ ስትጠይቃችሁ ምን አላችኋት?

ወንድምዎ

ጥቅምት 25

ቆጣሪዬ፣

እኔ እኮ እስከ ዛሬ "ስታቲስቲክስ" ስትለኝ የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ሲገባኝም ወገቤ ቁርጥ አለ።

ምን አላችኋት ብለሃል። ልንገርህ፣ ግን እንዳትስቅ።

ልጅቷ ደህና ልጅ ናት። ጫማዋ አቧራ ጠጥቶ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። መጀመሪያ የገባችው ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ቤት ነው። አስተማሪዋ ቤቷ ባዶ እንዳይባል የባለ ሱቁን ቴሌቪዥን ተውሳ ሳሎን አስቀምጣለች። ልጅቷ እዚያ ሻይ ስትጠጣ ወሬው ቀድሟት ሄደ። ቀጥሎ ያለው ቤት "ለኔም አውሱኝ" አለ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበልህ፣ እሷ በፊት በር ስትወጣ ቴሌቪዥኑ በጓሮ ይወጣል። እኛ ጋ ሲደርስ የተሸከሙት ሰዎች ላብ አጥምቋቸዋል። እኔም አላፈርኩም፣ ዳንቴል ደረብኩበት። ልጅቷ አየችውና "በዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ነው የሚወደው" አለች። ሳቄን ዋጥ አድርጌ "አዎ፣ ጠንካራ ዕቃ ነው" አልኳት።

ቴሌቪዥን ገቢ አይደለም ትለኝ ይሆናል። ወደ ገቢው ስትመጣ ደግሞ ፎርማኑ ባሌ፣ ያንተው ጋሼ፣ የፋብሪካውን ካፖርት ለብሶ ተቀምጧል። "ፋብሪካው አሁንም ይከፍለኛል፣ ምክር እሰጣቸዋለሁ" አላት። የተዘጋ ፋብሪካ የምን ምክር ይፈልጋል? ልጆቻችንም በየወሩ ይልካሉ አላት። የሚልኩት ሰላምታ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔስ ምን አደረግኩ? አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ሞልቶናል" አልኩ። ሌላውም ቤት እንደዚሁ ነው ያለው። ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ወረቀት ለያዘ፣ "ቤቴ ባዶ ነው" የሚል ሰው እኛ ሰፈር አልተፈጠረም። ድሮ ደመወዝ የወጣ ቀን ከተማው ሁሉ የኛን መንገድ እያየ ይቀና ነበር። እሱን መርሳት አቃተን፣ ይኸው ነው።

ስለ ፎርማኑ አታስብ። ሳሉ የብርድ ነው። አንተ ብቻ ያቺን መስመር በእርሳስህ ትንሽ ዝቅ አድርጋት፣ ማን ያይሃል?

እትዬህ

ኅዳር 8

እትዬ፣

አትሳቅ ብለውኝ ሳቅኩ። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስንፈቀፈቅ ጸሐፊዋ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ። ለእሷ ምን ብዬ ላስረዳት? ሳቁም ብዙ አልቆየልኝም።

በእርሳስህ ዝቅ አድርጋት ላሉኝ፣ አልችልም። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው፣ አስቤዋለሁ። ግን ዛሬ እኔ ለእናንተ ብዬ ዝቅ ካደረግኳት፣ ነገ አለቃዬ ለሚኒስትሩ ብሎ ከፍ ሲያደርጋት በምን አፌ እናገራለሁ? ከኔ በፊት ስንት ሰው ዓይኑ እስኪደክም የሠራበት መስመር ነው። እኔ የተረከብኩት ጫፉን ብቻ ነው።

አንድ መንገድ አለ። ቁጥሩ ያጠራጠረ ሰፈር እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። አለቃዬን አነጋገርኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ "ይሄን ያህል ዘመን መውረዷን ስንጽፍ ኖረን፣ አንዴ ብትወጣልን ምን አለበት?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም እትዬ፣ እሱም ደክሞታል። ኋላ ግን "ከሰፈሩ ጥቂት ሰው 'የተናገርነው ልክ አልነበረም' ብሎ ከፈረመ እኔም እፈርማለሁ" አለ። ምን እየጠየቅኩዎት እንደሆነ ይገባኛል። ለእናንተ ሰፈር ይህን መፈረም ጥርስ ከመነቀል እንደሚብስ አውቃለሁ።

ሌላም አለኝ። ሾፌሩ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ፣ ጋሼን ሰዎች ደግፈው ከጤና ጣቢያ ሲያወጧቸው አየሁ ብሎኛል። እርስዎ ደግሞ የብርድ ሳል ነው ብለውኛል። የማንን ልመን?

ወንድምዎ

ኅዳር 21

ወንድሜ፣

የሾፌሩን እመን። ይቅር በለኝ።

ፎርማኑ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ መሃል ላይ ግድግዳ ይዞ ያርፋል። ጤና ጣቢያ የማንሄድበት ቀን እያነሰ ነው። ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሲያደርጉለት የጠቆረው ከንፈሩ ይመለሳል፣ ቀልድም ይጀምራል፣ ሲስተሯን "ምድጃዬን አቀጣጠልሽልኝ" ይላታል። ያ የፋብሪካ አቧራ ነው ውስጡ የተቀመጠው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሲስተሯ አዲስ ሲሊንደር በከፈተች ቁጥር "ይሄም ካለቀ ምን ይዋጠኝ?" ትላለች። ያልነገርኩህ እሱ "ለልጁ እንዳትነግሪ" ስላለኝ ነው። ጸጉርህ ሸብቶም ላንተ ያለው ስም ያው ልጁ ነው።

ስለ ፊርማው፣ እኔና አስተማሪዋ ፈርመናል። ወረቀቱ እዚህ ውስጥ አለልህ። አስተማሪዋ "ስንቱን ልጅ አትዋሹ ብዬ ቀጥቼ" አለችና እንባዋን እየጠረገች ፈረመች። ሌሎቹን ሳነጋግር ግን ሁሉም የሚጠይቁኝ "ፎርማኑ ምን አለ?" ነው። የፋብሪካው ምድጃ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ሰዉ ዛሬም እሱ ካላዘዘ አይነቃነቅም። እሱ የለኝም ካለ ሁሉም ይላል። እሱ ሞልቶኛል ካለ ማንም አፉን አይከፍትም።

እና ነገርኩት። ድጎማውንም፣ ኦክስጅኑንም፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ሰማኝና "ቆሜ ያልለመንኩትን ተኝቼ አልለምንም" አለኝ። "ልመና አይደለም፣ ቁጥር ነው እኮ" አልኩት። "ቁጥር ብቻ ከሆነ አንቺን ምን አንገበገበሽ?" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መልስ አጣሁለት። አንተ ካለህ ላክልኝ። እኔ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቅቶኝ ነው የዋልኩት።

እትዬህ

ታኅሣሥ 4

እትዬ፣

ለጋሼ የሚሆን መልስ የለኝም። ስንት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ፣ ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን ቁጥር ብቻ ነው እያልኩ የኖርኩት ሥራዬ እንዳያስለቅሰኝ ነው መሰለኝ።

አለቃዬ ፈርሟል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ አንድ ሰው ይመጣል። በዕድሜ የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚጠይቅ፣ ሻይ ሲሰጡት የማይጠጣ ሰው ነው። አንተ ራስህ ና ብለው በሾፌሩ ለላኩብኝ፣ አይፈቀድልኝም። ዘመድ ያለበት ሰፈር መጠየቅ ክልክል ነው። እህቴ መሆንዎንም አይንገሩት። እንደገና ሲጠየቅ የሚጀመረው ከሌላኛው የመንገዱ ጫፍ ነው፣ የመጀመሪያው ቤት የእናንተ ነው ማለት ነው። ይህን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው።

ጋሼን እንዲጨቀጭቋቸው አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ይወቁት። መዝጋቢው የሚጠይቀው አባወራውን ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ያለውን አዋቂ ሁሉ "የሚጨምሩት አለ ወይ?" ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ከዚህ በላይ ብል እኔም ደንብ መጣሴ ነው።

ወንድምዎ

ታኅሣሥ 29

ወንድሜ፣

ስልክ ለምን አታነሺም ብለህ በሾፌሩ ልከህብኛል። ስልኩ ፎርማኑ ትራስ ሥር ነው፣ ሲጮህ አያቀብለኝም። አያናግረኝምም።

ሰውየው መጣ። ፎርማኑ "ካፖርቴን" አለኝ፣ አለበስኩት። ቁልፎቹንም እኔ ቆለፍኩለት። ጎረቤቱ ሁሉ፣ አንዱ አጥር የሚያጠብቅ መስሎ፣ አንዷ ልጅ የምትፈልግ መስላ፣ መስኮታችን ሥር ተኮልኩሏል። ሰውየው ጠየቀው። ፎርማኑም ያችኑ ደገማት፤ ፋብሪካው ይከፍለኛል፣ ልጆቼ ይልካሉ፣ ሞልቶናል። ሰውየው ጻፈና ወደኔ ዞሮ "እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?" አለኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ሰው ፊት ቃሉን አጥፌበት አላውቅም። የቤታችንን ገመና እንኳን ለመንግሥት ሰው ለእናቴም አውጥቼ አላውቅም። ግን ትንፋሹ ሲቆራረጥ እየሰማሁት ነበር። "የለንም" አልኩ። "ፋብሪካው ምንም አይከፍለውም። ልጆቹ አይልኩም፣ ንፉግ ሆነው ሳይሆን እነሱም የላቸውም። የምንበላው በኔ መርፌ ነው።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።  ባለ ሱቁ ከውጭ በመስኮቱ በኩል "ቴሌቪዥኑም የኔ ነው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። ሰውየው በየቤቱ ሲገባ በር ላይ ይጠብቁት ነበር አሉ፣ እኔ አላየሁም። እኔ ፎርማኑ አጠገብ ነበርኩ። ካፖርቱን ላውልቅልህ ስለው እጄን ገፋው። እንደተቆለፈበት ተኛ።

ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። የሰጠሁትን ይበላል። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ትከሻዬን ይዞ ይራመዳል። ዓይኔን ግን አያየኝም። የሚፈልገውን የሚናገረው ለሲስተሯ ነው፣ እሷ ለኔ ትነግረኛለች። እኔ ትንፋሹን ላተርፍ ብዬ ድምፁን አጣሁት። ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ አዎ እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ያም ቢሆን አንጀቴን አያርሰውም። ደክሞኛል።

እትዬህ

የካቲት 3

እትዬ፣

መስመሩ ወረደ። አምና ከነበረበትም ትንሽ ዝቅ አለ። ድጎማው ይቀጥላል፣ የጤና ጣቢያው ኦክስጅንም በጀቱ ውስጥ ገብቷል። ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አለቃዬ የሚኒስትሩን ንግግር አጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና "ደስ አለህ?" አለኝ።  ክልሉ ደኸየ ተብሎ ደስ የሚለው ሠራተኛ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደስታዬም የሚያስጨፍር ዓይነት አይደለም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

"ያን መስመር ከቢሮ ውጭ ያለ ሰው ቢያየው ያስቀጣል ወይ?" ብለው ላስጠየቁኝ፣ አያስቀጣም፣ ምስጢር አይደለም። አንድ ቅጂ አብሬ ልኬያለሁ። ከሥር በኩል ዓመቶቹ ተጽፈዋል። ለማን እንደፈለጉት አልጠይቅም።

ለጋሼ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፣ ስቀድ ስጽፍ ስቀድ ዋልኩ። ለትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ቆዳ ጫማ የገዙልኝ መስመሩ ጫፍ በደረሰበት ዓመት ነው። ከሁሉ ዓመት እሷን ሳሰምር እጄ ይጠነቀቅ ነበር። ይህን ይንገሩልኝ ልል አሰብኩና፣ አለመነጋገራችሁ ትዝ ሲለኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ወንድምዎ

የካቲት 19

ቆጣሪዬ፣

ለማን እንደፈለግኩት ያልጠየቅከኝ አውቀኸው ነው።

ወረቀቱን አልጋው አጠገብ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሥር አስቀመጥኩትና ምንም ሳልል ወደ ስፌቴ ሄድኩ። ቀናት አለፉ፣ አልነካውም። እኔም አላነሳሁትም። ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ሳሉና የኔ ሳህን ማጠብ ብቻ ነበር። ሲስተሯ ኦክስጅኑ እንደማይቋረጥ ስለተነገራት ትንሿን ሲሊንደር ቤት ድረስ አምጥታለታለች። ስለዚህ ከንፈሩ ቀልቷል፣ ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ፊት መንሳቱ ብቻ እንዳለ ነው።

ትናንት ከመናኸሪያው ስመለስ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጣቱ መስመሩ ከሁሉ ከፍ ያለበት ላይ ናት።

"እዚህ ነበርን" አለ።

ለኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም።  ጣቱን በመስመሩ ላይ ቀስ እያደረገ ማውረድ ጀመረ፣ ከሥር ያለውን ዓመት እያነበበ። "እዚህ ጋ ምድጃው ጠፋ" ይላል። ትንሽ ያወርዳታል። "እዚህ ጋ ትልቁ ልጅ ሄደ።" ደግሞ ያወርዳታል። "እዚህ ጋ የቆርቆሮ አጥሩን ሸጥነው።" አንዱንም አልሳተም። እኔ የረሳሁትን ሁሉ እሱ ያስታውሳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆማት፣ ብዙ ጊዜም አቆያት።

"አሁን እዚህ ነን" አለ።

"አዎ" አልኩት።

"ማነው ያሰመረው?"

"ልጁ ነው" አልኩት። የጫማውንም ነገር ያኔ ነገርኩት፣ ሳልቀንስ።

"እንግዲያው ልክ ነው" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ ያለ ፍላጎቴ እንባዬ ሲወርድ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

"ዛሬ ምሳ የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አለኝ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ምሳ ሠራሁለት።

እትዬህ